የጋሽ ሙሜ ርካሽ ፑንታ

ባለፈው ሳምንት ቤቴ ውስጥ እንጨት ሸተተኝ። የነደደ እንጨት ሽታ አይደለም፤ የተናደደ እንጨት ሽታ ነው። ልዩነቱ የማይገባው ሰው ካለ አናጢ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም ማለት ነው።

የልጄ ልጅ ኢክራም ከገበያ አንድ ፓኬት ርካሽ ፑንታ ገዝታ መጥታ፣ መደርደሪያ ልትሰራልኝ ጣውላ እየበሳች ነበር። ፑንታ ማለት ያቺ መሰርሰሪያው አፍ ላይ የምትገባው፣ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዘች ብረት ናት። ኢክራም መሰርሰሪያውን በኤሌክትሪክ ታስጮኸዋለች፣ በደረቷ ትጫነዋለች፣ ጣውላው ይጨሳል፣ ከዚያ ጧ! አንዷ ሄደች። ሌላ ትከታለች። ጧ!

«አያቴ፣ ይሄ እኮ ብረት አይደለም፣ ብስኩት ነው» አለችኝ።

«አትጫኚዋ። ብስኩትም ቀስ ብሎ ለሚልሰው ይቆያል።»

«አንቺ ደግሞ መቼ አናጢ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን መልሴ ሳይወጣ ያ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ኢክራም አጠገብ የተቀመጥኩት አሮጊት መሆኔ ቀረ። የጅቡቲው ካርቲየ 6 ሰፈር ውስጥ ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ጨለማ ውስጥ ተኮራምቻለሁ፣ ከበላዬ ጋሽ ሙሜ እንጨት እየበሳ ነው።

ጋሽ ሙሜ አናጢ ነበር። የእሱን ሱቅና የእኛን ቤት የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱ እዚያ ሲያስነጥስ እኛ እዚህ ሆነን «የርሐሙከላህ» እንለዋለን። እንደ እናቴ የድሬዳዋ ሰው ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ፂሙን በሂና ያቀላ፣ ሽርጡን ከእምብርቱ በታች የሚያስር። እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቶ እያለ «እርሳሴን ማን ወሰደው!» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ይሰድባል። ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሰዎች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉት «እኔ እስኪሄድ አልጠብቀውም፣ ቀቅዬ ነው የምበላው» ይላል።

እንጨቱ ከወደብ ነው የሚመጣለት። የተሰበረ ሳምቡክ፣ ያ የዓረቦቹ ጀልባ፣ ሲፈርስ ጣውላውን በጋሪ ያስመጣል። ባሕር ስንት ዘመን ያሸው እንጨት ነው፤ ድንጋይ ብትሉት ይሻላል። ፑንታውንም የሚገዛው ከዚያው ነው። ወደቡ በር ላይ ጆንያ አንጥፈው ከመርከብ የወረደ ኮተት የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። ዝገት የበላው፣ ጫፉ የዶለዶመ፣ የማን አገር ብረት እንደሆነ የማይታወቅ። ጋሽ ሙሜ አንዷን ጥሩ ፑንታ ትቶ መጥፎዎቹን በእፍኙ ይገዛል። «ከእፍኙ ውስጥ አንዷ ወንድ ትወጣለች» ይላል።

ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞክራቸዋል። የሳምቡክ ቁራጭ በሁለት እግሩ ጠምዶ ይይዛል፣ ያን የእጅ መሰርሰሪያ ያቆማል፣ በአንድ እጁ ከላይ ይጫናል፣ በሌላው እጀታውን ያዞራል። በእጁ ብቻ ቢጫን ጥሩ፣ በሆዱ ጭምር ነው። ጧ! ከዚያ ስድቡ ይጀምራል። ፑንታዋን ይሰድባል፣ የሠራትን ይሰድባል፣ ያመጣትን መርከብ፣ ካፒቴኑን፣ ባሕሩን።

እኛ የሰፈሩ ልጆች ከዚህ የበለጠ ሲኒማ አልነበረንም። አለቃዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ሚስቶቹ ጥለውት እንደሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እና ጧ ባለች ቁጥር እኔ ከጀርባው ሆኜ «ጋሽ ሙሜ፣ እሷም ጥላህ ሄደች!» እላለሁ። እሱ ነጠላ ጫማውን ይዞ ያባርረኛል። ይዞኝ ግን አያውቅም።

አሁን ስለ ሳንዱቁ ልንገራችሁ። እናቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከዚህ ጨርቅ ይዛ በባቡር ድሬዳዋ ትሄዳለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። የጅቡቲን እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ጨርቅ በአንድ ክረምት ያሻግታል። ስለዚህ ጋሽ ሙሜን ሳንዱቅ ሥራልኝ አለችው። ከሳምቡክ ጣውላ ሠራላት፣ እኔን ሦስት የሚያክል። መገጣጠሚያውን ሁሉ ጀልባ እንደሚደፈነው በሬንጅ ደፈነው። ማጠፊያውን ሌባ እንዳይነቅለው ከውስጥ አደረገው። ቁልፉ ከመርከብ የወጣ ነው፣ ክዳኑ ሲወርድ በራሱ ቀጭ ብሎ ይቆልፋል። ሲያስረክባት ሳንዱቁን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ «ዘይነብ፣ ይሄ ውሃ አይገባውም፣ ጉንዳን አይገባውም፣ ሸይጧንም ቢሆን ቁልፍ ካልያዘ አይገባውም» አላት።

የእናቴ ቁልፍ ከወገቧ አይለይም። የእኛ ነጋዴ እናቶች እንደዚያ ናቸው፤ ባል ሊጠፋ ይችላል፣ ቁልፍ አይጠፋም። መንገድ ስትሄድም ይዛው ትሄዳለች፣ እህቷን እንኳ አታምናትም። እና ጨርቁን አውጥታ ለመንገድ ባሰረች ቁጥር ባዶውን ሳንዱቅ እንዲናፈስ ክዳኑን በአንድ ቁራጭ እንጨት ደግፋ ከፍታው ትሄዳለች። «እንዳትነኩት። ከተዘጋ እስክመለስ ተዘጋ» ትለናለች።

ያን ቀን እናቴ በጠዋቱ ባቡር ሄደች። ሐምሌ ነው። ከበረሃ የሚመጣው ያ ንፋስ፣ ኻምሲን የሚሉት፣ ፊት ላይ የምድጃ አፍ የተከፈተ ያህል ይነፍሳል። ቀትር ላይ ጅቡቲ ሁሉ ይተኛል፤ ውሻው ይተኛል፣ ፖሊሱ ይተኛል። ነቅተን የነበርነው ጋሽ ሙሜና እኔ ብቻ ነን። እሱ ጠዋት የገዛትን እፍኝ ይሞክራል። ጧ! «እሷም ጥላህ ሄደች!» አልኩ። ጧ! «ይቺ ደግሞ ጫት እንኳ ሳትቅም!» አልኩ። ይሄኛው አመመው መሰለኝ፣ ተነሳ። እኔ ሮጬ ቤት ገባሁ፤ አክስቴ መርየም ምንጣፉ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሳንዱቁ ተከፍቶ ቆሟል። ዘልዬ ገባሁ። ስኮራመት ትከሻዬ ያቺን ድጋፍ እንጨት ነካት።

ክዳኑ ወረደ። ቀጭ አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ጋሽ ሙሜ በሩ ላይ ሆኖ «የት ገባሽ አንቺ ፍልፈል!» ሲል ሰማሁት፣ እያጉረመረመ ሲመለስም ሰማሁት። አፌን በእጄ አፍኜ ሳቅሁ። ከዚያ ክዳኑን በጀርባዬ ገፋሁት። አልሄደም። በእግሬ ገፋሁት። አልሄደም። ዓይኔን ብጨፍነውም ብገልጠውም አንድ ሆነብኝ። ሬንጁ በሙቀቱ ላብ ያልበዋል፣ እኔም ያልበኛል፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ አፌ ላይ ተኛ።

በተረከዜ መደብደብ ጀመርኩ። አክስቴ ከእንቅልፏ ባነነችና ጣሪያችን ላይ ካርቶን ፍለጋ የሚወጡት የጎረቤት ፍየሎች መስለዋት «ውረዱ እናንተ! ሰው ይተኛበት!» ብላ ጮኸች።

«ፍየል አይደለሁም! ሩቂያ ነኝ!»

ዘላ ተነሳች። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ቀሰቀሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን እኔ ሰማሁት፣ ግማሹን አክስቴ እስክትሞት ድረስ ስትነግረኝ ኖረች። መጀመሪያ የደረሰው ጋሽ ሙሜ ነው። ቀጥሎ አብዲ፣ ያ የወደቡ ኩሊ፣ ሱማሌው ጎረቤታችን፣ በሩ የማይበቃው ግዙፍ ሰውዬ። መጥረቢያ ይዟል።

«ዞር በሉ! ወላሂ አንዴ ብቻ ነው የምመታው!»

«ጭንቅላቷ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?» አለው ጋሽ ሙሜ። «ይሄ እንጨት ሲሰነጠቅ ጦር ሆኖ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።»

«እሺ ማጠፊያውን ንቀለው!»

«ማጠፊያው ከውስጥ ነው።»

«ማን ነው ከውስጥ ያደረገው?»

«እኔው ነኝ።»

«መገጣጠሚያውስ? አየር አይገባበትም?» አለች አክስቴ።

«ሬንጅ ነው። አይገባም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔው ነኝ» አለ።

ቁልፉ የት እንዳለ ማንም አልጠየቀም። እናቴ ወገብ ላይ ሆኖ በባቡር በረሃውን እያቋረጠ ነው። ጋሽ ሙሜ «መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ የቁልፉን ዙሪያ እበሳለሁ» ብሎ መሰርሰሪያውንና ከእፍኙ የተረፉትን ፑንታዎች ሊያመጣ ሮጠ። ሌላ አልነበረውም። ደህና ፑንታ ገዝቶ የማያውቅ ሰው በክፉ ቀን ከየት ያመጣል?

ሲጀምር ከላዬ ሰማሁት። ክርር፣ ክርር። እንደ ልማዱ በሆዱ ተጫነ፣ ክዳኑ ሲቃትት ይሰማኛል። ጧ!

ስድቡን ጠበቅሁ። ፑንታዋን፣ መርከቡን፣ ባሕሩን። ምንም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሙሜ ሳይሳደብ ሲቀር ነው የምሞት መሆኔ የገባኝ።

ሌላ ከተተ። ጧ! አሁንም ዝም። ውጭ ሰው ሁሉ «ተጫነው! ተጫነው እንጂ ሰውዬ!» ይላል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ አብዲ ከግድግዳ ግድግዳ ይንጎራደዳል።

«አቦ ዝም በሉ!» አለ ጋሽ ሙሜ። ከዚያ ክዳኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ። «ሩቂያ።»

በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ፍልፈል ነኝ፣ አይጥ ነኝ፣ የሸይጧን ጉዝጓዝ ነኝ።

«አቤት።»

«ስደቢኝ።»

«እ?»

«ስደቢኝ እንጂ! ድምፅሽ ከየት እንደሚመጣ ልስማ። ጭንቅላትሽ ላይ እንዳልወርድ።»

እንደዚህ ያለ ፈቃድ ለእኔ ተሰጥቶ! «አንተ በርሜል» አልኩት። «አንተ ሁለት ሴት ያመለጡህ! እርሳስህ ጆሮህ ላይ ነው!» ውጭ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አለቀሰ። ጋሽ ሙሜ ጆሮውን ክዳኑ ላይ ለጥፎ ድምፄን ተከትሎ ሄደ፣ ከእኔ ወደራቀው ጥግ መሰርሰሪያውን አዛወረ። «በርቺ። አታቋርጪ።»

አሁን አልተጫነም። ክርር፣ ይልና ይቆማል። ያወጣታል፣ ሰጋቱራውን እፍ ይላል፣ ይመልሳታል። ክርር። ይቆማል። እንደዚያ ቀስ ያለ ሰው አይታችሁ አታውቁም፤ እሱን እንደዚያ ያየ ደግሞ በጭራሽ የለም። እኔ ታፍኜ እሞታለሁ፣ እሱ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እጀታውን ያዞራል። ያ ሽታ የመጣው ያኔ ነው፣ የተናደደ እንጨት።

«ጋለች» አለ። «ይሄ ብረት ከጋለ ሰም ነው። ቅባት አምጡልኝ!»

አክስቴ ቅባት ፍለጋ ቤቱን ገለባበጠችው። ጠርሙሱ ባዶ ነው፤ ጠዋት አሟጣ ተቀብታዋለች። አክስቴ መርየም ማለት አብዲ ሲያልፍ አንዲት ጠጉር እንዳይታይባት ሻሿን የምታስተካክል ሴት ናት። ያን ሁሉ ወንድ ፊት ሻሿን ገፈፈችና ጭንቅላቷን ጎንበስ አድርጋ «ከዚህ ውሰድ!» አለችው። ጋሽ ሙሜ የጋለችውን ፑንታ ሹሩባዋ ላይ አሻት። ጢስ አለ አሉ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

እኔ ስድብ አለቀብኝ። እኔ! ቃሉ አፌ ላይ ይመጣና የሚገፋው ትንፋሽ ያጣል። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ።

«ሩቂያ? ስደቢኝ።»

ዝም።

«ሩቂያ!»

«...በርሜል...»

«ይበቃል። አታውሪ። ጣትሽን ብቻ አንኳኪ፣ እኔ ስቆም አንቺ አንኳኪ።»

ክርር። ይቆማል። ኳ፣ እላለሁ። ክርር። ኳ። እሱ ሳይሰማኝ አያዞርም፣ እኔም ሳያዞር አልተኛም። ከዚያ ጧ አለች። እንጨቱ ውስጥ እንዳለች ተሰበረች፣ ጫፏ ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ደፈነችው።

ውጭ ለቅሶ ሆነ። አብዲ መጥረቢያውን አነሳ። «ሙሜ፣ በአላህ ዞር በልልኝ! ልጅቷ ሞተች!»

«አልሞተችም። አንኳኩታለች።»

«ፑንታ የለህም እኮ!»

አንዲት ነበረችው። ጠዋት ሲሞክራት ጎብጣ የወረወራት፣ ደጃፉ ላይ ሰጋቱራ ውስጥ የወደቀች። በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ እየዳበሰ አገኛት። በመዶሻ ቀጥ አደረጋት፣ ከዚያ ጫፏን በበራችን ደፍ ድንጋይ መሳል ጀመረ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። በሕይወቴ እንደዚያች ሽር ሽር የረዘመ ነገር አልሰማሁም፣ ሦስት ልጅ ወልጄም ቢሆን። አብዲ መጥረቢያውን አንጠልጥሎ ቆሟል፣ ጋሽ ሙሜ ቀና አይልም።

እንደገና ክርር አለ፣ ከተደፈነችው አጠገብ። አንኳኳሁ ይሁን አላንኳኳሁ አላውቅም። አንድ ትኩስ ነገር የዘረጋሁት እጄ ላይ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሰጋቱራ ነው። ከዚያ አንዲት ምንቃር፣ እንደ ጫጩት ምንቃር፣ ክዳኑን በስታ ብቅ አለችና ተመለሰች። እሷ በወጣችበት አንድ ክር ብርሃን ገባ።

አፌን አስጠጋሁ። የገባልኝ አየር ሬንጅ፣ የጋለ እንጨትና የአክስቴ ጠጉር ቅባት ይሸታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽቶ ገዝቻለሁ፣ ልጆቼም ከፈረንሳይ አምጥተውልኛል። እሱን የሚያህል የለም።

«ሩቂያ፣ አለሽ?» የጋሽ ሙሜ ድምፅ በዚያች ቀዳዳ ገባ።

መናገር ስላልቻልኩ ትንሿን ጣቴን ሰደድኩ። ጫፏ ብቻ ወጣች። እሱ በሁለት ጣቱ ያዛት። ያዛትና አልለቀቃትም። በመጨረሻ አብዲ ነው «ሰውዬ፣ ልቀቃትና ትተንፍስበት!» ያለው።

ከዚያ በኋላ ያቺው ጎባጣ ፑንታ ናት ሌሎቹን ቀዳዳዎች በቁልፉ ዙሪያ የበሳችው፣ አልተሰበረችም። ቁልፉ ከእንጨቱ ተላቀቀ፣ ክዳኑ ተነሳ። ብርሃኑ ዓይኔን መታኝ። አክስቴ መጀመሪያ በጥፊ መታችኝ፣ ቀጥላ ሳመችኝ። አብዲ ግድግዳው ጋ ዞሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። ጋሽ ሙሜ መሬት ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ ዙሪያው የተሰበረ ፑንታ፣ እጁ ከእጀታው አልላቀቅ ብሎታል። አየኝ። እነዚያን ስብርባሪዎች አየ።

«በይ» አለኝ። «በይው እንጂ።»

አፌን ከፈትኩ። እሷም ጥላህ ሄደች ማለት አቃተኝ። ተንደርድሬ ሆዱ ላይ ወደቅሁ።

ተለወጠ እንዳትሉ። በነጋታው ፑንታ ሰበረ፣ በነጋታው ባሕሩን ሰደበ፣ እኔም በሳምንቱ አፌ ተመለሰልኝ። እናቴ ከድሬዳዋ ስትመለስ የሆነውን ሰምታ ሦስት ቀን አልቅሳ፣ በአራተኛው ግን ነጋዴ ናትና «በል ቀዳዳዎቹን ድፈንልኝ፣ ጨርቄ ሊሻግት ነው» አለችው። ለእናቴ እንቢ ብሎ አያውቅም ነበር። «አልደፍንም» አላት። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ አልደፍንም።

ከዚያ ወዲህ ከእጁ የወጣ ሳንዱቅ ሁሉ ከክዳኑ ሥር አንድ መስመር ቀዳዳ ነበረው። ለሙሽራ ይሁን ለነጋዴ፣ ገዢው ይፈልግ አይፈልግ። ሰዎች ሲጠይቁት ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ይነግረዋል። ለሙሽሮቹ «ባልሽ ሲመጣ አጮልቀሽ የምታዪበት ነው» ይላል። ለቁም ነገረኞቹ «ልብሱ እንዲተነፍስ ነው» ይላል። ስለ እኔ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ አግብቼ ከሰፈሩ ከወጣሁ በኋላ ሞተ። ልጅ የለው፣ ሱቁም ፈርሶ ሌላ ነገር ተሠራበት።

አምና እዚሁ ጅቡቲ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ለቅሶ ሄድኩ። የማላውቀው ቤት ነው፤ የምራቴ ዘመድ ነበር የሞተው። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል ግድግዳው ሥር ቦታ ተሰጠኝና ክንዴን አንድ አሮጌ ሳንዱቅ ላይ ጣል አደረግሁ። እጄ ሲወርድ ከክዳኑ ሥር ቀዳዳ ነካሁ። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። ለቅሶው ጠፋብኝ።

የቤቱ ልጅ ውሃ ልትሰጠኝ ጎንበስ ስትል እጄን አየች። «እሱን ምስጥ ነው የበላው እማማ» አለችኝ፣ አፍራ። «የአያቴ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ አናጢ ጠርቼ ላስደፍነው ነው።»

«ተይው» አልኳት።

«ለምን?»

ልነግራት ነበር። ከዚያ ተውኩት።

«ልብሱ እንዲተነፍስ ነው» አልኳት።